«ዛሬ ተራዬ ነው»፦ ለልምድ ልውውጥ ወደ አውራ አምባ ሰው ለምትልኩ መሥሪያ ቤቶች ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የዕቅድ፣ የሥርዓተ ፆታና የሰው ሀብት ኃላፊዎች፤

እንደምን ሰነበታችሁ። ይህን የምጽፈው በሰኔ ነው። ሰኔ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። በጀት ሊዘጋ ነው። ያልተነካ ገንዘብ አለ። ተመላሽ ከሚሆን ምን ይሻላል ይባልና አንዱ «ለምን ልምድ ልውውጥ አንወጣም?» ይላል። ሌላዋ «አውራ አምባ ጥሩ ነው፣ በዚያውም ባሕር ዳርን እናያለን» ትላለች። (አውራ አምባ ሴትና ወንድ ሥራን እኩል የሚካፈሉባት የደቡብ ጎንደር መንደር ናት።) ደብዳቤ ይጻፋል፣ ውሎ አበል ይሠራል፣ ኮስተር ይታዘዛል።

አውቀዋለሁ፣ እኔም ሄጄበታለሁ። በ2006 ዓ.ም. ግንቦት ላይ 22 ሆነን ከአዲስ አበባ ተነሣን። የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጠራም፤ ለጡረታዬ ገና ጊዜ አለኝ።

የተፈቀደልን አምስት ቀን ነበር። ሁለቱ ቀን መሄጃና መመለሻ። አንዱ ቀን በጀልባ ዘጌ። አንዱ ቀን ጢስ ዓባይ። ለአውራ አምባ የተረፈችው ግማሽ ቀን ናት። እሷም ብትሆን ለምሳ ባሕር ዳር መመለስ ስለነበረብን መንደሩ ውስጥ የቆየነው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በሪፖርቱ ላይ ግን «ጥልቅ የልምድ ልውውጥ ተደርጓል» ተብሎ ተጽፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

መንገዱን ለማታውቁት፦ ከባሕር ዳር በጎንደር መንገድ ወጥታችሁ፣ ጉማራን ተሻግራችሁ፣ ወረታ ትደርሳላችሁ። ግራ ቀኙ የፎገራ ሜዳ ነው። ክረምት ላይ ሩዝ የሚበቅልበት ነው፤ በግንቦት ግን ስንጥቅጥቅ ያለ ጥቁር መሬት ብቻ ነበር። ወረታ ላይ ወደ ቀኝ፣ ወደ ደብረ ታቦር ትታጠፋላችሁ። ጥቂት ሄዳችሁ ከአስፋልት ስትወርዱ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ኮረኮንች አለ። መጨረሻው አውራ አምባ ነው።

መንደሩን የመሠረቱት በ1964 ዓ.ም. ነው። ዙምራ ኑሩ የሚባል ወጣት ገበሬ ነበር የሐሳቡ ባለቤት፤ ሲጀምሩ 19 ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ወደ 500 ይጠጋሉ። ቤተ ክርስቲያን የለም። መስጊድም የለም። ጠላ ቤትና ጫት ቤትም የለም። (ሾፌራችን ይህን ሲሰማ «ታዲያ ሰው እዚህ ምን ያደርጋል?» ብሎ ነበር።)

ካየሁት ሁሉ ሦስት ነገር ነው ከዓይኔ ያልጠፋው።

የመጀመሪያው ምድጃ ነው። ከጭቃ የተሠራ ነው፤ ከፍ ብሎ፣ ቆመው የሚጋግሩበት። ምጣዱ ቦታ አለው፣ ድስቱም ቦታ አለው፣ ጭሱ መውጫ ተበጅቶለታል። አንዷ ባልደረባችን ጣቷን ግድግዳው ላይ አሳልፋ ጣቷን አየችው። ጥላሸት የለም። ምንም አላለችም። እኔ ግን እናቴ ትዝ አለችኝ። ከማዕድ ቤት በወጣች ቁጥር ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ነው ያደግኩት። ልጅ እያለሁ የምታለቅስ ይመስለኝ ነበር።

ሁለተኛው ሰውዬ ነው። ግድግዳ ተደግፎ ጥጥ ይፈትላል። ጎልማሳ፣ ጢማም፣ እንዝርት የሚያሾር ወንድ። ከእኛ መካከል አንዳንዶቹ ሳቁ። እሱ ቀና ብሎም አላየን። ከዚያ ወደ ሽመናው አዳራሽ ስንገባ ደግሞ መወርወሪያውን የሚወረውሩት ሴቶች ናቸው። በእኛ አገር ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ፣ ሞፈር የወንድ፣ እንጀራ የሴት ነው። እዚያ ሥራው ጾታ የለውም። የቻለ ይሠራዋል።

ሦስተኛውን ረጋ ብዬ ልንገራችሁ፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝ እሱ ነው።

የአረጋውያን ቤት አላቸው። ጧሪ የሌላቸው አዛውንቶች የሚኖሩበት። ስንገባ አንዲት እናት ጋቢ ተከናንበው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው አንድ ወጣት ተንበርክኮ የእግራቸውን ጥፍር ይቆርጣል። የአዛውንት ጥፍር ታውቁታላችሁ፤ እንደ ቀንድ የጠነከረ ነው። ልጁ ጥፍሩን በሞቀ ውኃ አርሶታል፣ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል ይቆርጣል። የቡድን መሪያችን ጎንበስ ብለው «የልጅ ልጃቸው ነህ?» አሉት።

«አይደለሁም» አለ። «ዛሬ ተራዬ ነው።»

ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኛም ወደሚቀጥለው ቤት ሄድን፤ ሰዓት እያለቀ ነበር።

ይህን ሐሳብ ከየት አመጡት? የዙምራን የልጅነት ታሪክ መንደሩ ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ከሙስሊም ቤተሰብ ነው የተወለደው። ፊደል አልቆጠረም። ልጅ ሆኖ የሚያየው ነገር ግራ ይገባዋል። እናቱ ቀን ከአባቱ እኩል እርሻ ላይ ትውላለች። ማታ አባት ያርፋል፤ እሷ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ የባሏን እግር ታጥባለች። አንድ ነገር ከጎደለ ደግሞ ትሰደባለች። ለምን? ብሎ ጠየቀ። የክርስቲያን ሥጋ፣ የእስላም ሥጋ የሚባለውስ? ሰው እንደሆነ አንድ ነው፣ ለምን? ጉልበታቸው ያለቀ አሮጊትና ሽማግሌ ለምን ይጣላሉ? ቤተሰቡ ልጁ አእምሮው ተነክቷል አለ። በዐሥራዎቹ ዕድሜ ከቤት ወጥቶ ጎጃምን፣ ጎንደርን፣ ወሎን ዞረ። የሚሰማው ሰው ፈለገ። በኋላ ነው እነዚያን ገበሬዎች ያገኘው።

መልካም ሲሆን ጎረቤት የሚደሰት ይመስለናል። አልሆነም። በሰንበት የሚያርሱ፣ በዓል የማይውሉ፣ ሴቱን ከወንድ እኩል የሚያስቀምጡ ሰዎች ለአካባቢው እንግዳ ነበሩ። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ጠላት ናቸው ተብለው ሕይወታቸው አደጋ ላይ ወደቀ። ሌሊት ተነሥተው ተሰደዱ፤ እስከ ቦንጋ፣ ከፋ ድረስ። በ1985 ዓ.ም. ሲመለሱ መሬታቸው ተወስዷል። የቀረላቸው 17 ሄክታር ተኩል ነው። ይህ ያን ሁሉ ቤተሰብ አያበላም። ሽመናውን ያመጣው ይህ ነው። ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» እያለ ሲሰድብ በኖረ አገር፣ ገበሬዎቹ ሽመና ተቀመጡ። በዚያ ላይ ወፍጮ ተከሉ፣ ሱቅ ከፈቱ። እናንተ «ሞዴል መንደር» የምትሉት ነገር እንዲህ ነው የተሠራው። በስልታዊ ዕቅድ አይደለም።

አሁን ስለ ሃይማኖቱ። በሪፖርታችሁ ላይ ደጋግማችሁ የምትጽፉት ቃል አለ፤ «ሃይማኖት የለሽ ማኅበረሰብ»። እባካችሁ ይህን ተዉት። አስጎብኚዋ ወጣት ስትነግረን ሰምቻለሁ። በአንድ ፈጣሪ ያምናሉ። ፈጣሪ በሁሉም ቦታ ስላለ ለብቻው ቤት አንሠራለትም ነው የሚሉት። ለሰው የምታደርገው ነገር፣ እሱ ነው አምልኮው። ለራስህ የማትወደውን ለሌላው አታድርግ፤ የወደቀውን አንሣ፤ አትዋሽ፤ ሰው ሁሉ ወንድምና እኅት ነው። የለመድነው ቃል ነው። እነሱ ሕንጻውን ትተው ቃሉን አስቀሩት።

በኮስተሩ ውስጥ ግን ሌላ ክርክር ነበር። «ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ግን እንዴት ይጸድቃሉ?» አለች አንዷ። «ፈጣሪን አምነው እንዴት አይሰግዱለትም?» አለ ሌላው። እስከ ባሕር ዳር ተከራከርን። ጣና ዳር ለምሳ ስንቀመጥ አስተናጋጁ መጣ። በመካከላችን ክርስቲያንም ሙስሊምም ስላለ እንደተለመደው የሥጋው ነገር ተነሣ። ወጡ የማን ነው፣ ጥብሱ የማን ነው። በመጨረሻ 22ታችንም ዓሣ አዘዝን። ሾፌሩ ሳቀ። «ዓሣ ሃይማኖት የለውም» አለ። ስለ ልጁ ዙምራ ጥያቄ የሰማነው የዚያን ዕለት ጠዋት ነበር። አንዳችንም አላገናኘነውም። እኔም ያገናኘሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

ሁሉን እቀበላለሁ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። በልቅሶ ጉዳይ አልስማማም። እነሱ ሰው ሲሞት ይቀብራሉ፣ ወደ ሥራ ይመለሳሉ። ተዝካር የለም፣ ድንኳን የለም፤ የምንረዳው በቁሙ ነው ይላሉ። አመክንዮው ይገባኛል። ለተዝካር ሲባል የተሸጠ በሬ፣ የተበደረ ቤተሰብ አውቃለሁ። ግን እናቴ የሞተች ሰሞን ያቆመኝ ያ ድንኳን ነው። ዕድርተኛው ወንበር ሲደረድር፣ ጎረቤት ንፍሮ ሲቀቅል፣ ሰው ሰባት ቀን እየመጣ ዝም ብሎ አጠገቤ ሲቀመጥ ነው የተነሣሁት። ያንን በሥራ የምለውጠው አይመስለኝም። ይህም ይመዝገብልኝ።

ወደ ተራው ልመለስ። አውራ አምባዎች በሳምንት አንድ ቀን የሚሠሩት ለራሳቸው አይደለም። የዚያ ቀን ሥራና ገቢ ለአረጋዊው፣ ለታመመው፣ ላልቻለው ነው። አደረጃጀቱን «ለወገን ደራሽ» ይሉታል። እኛም እኮ ደቦ አለን፣ ዕድር አለን፣ ማኅበር አለን፣ ሰንበቴ አለን። የቢኒያም በለጠን መቄዶንያ የመሰለ ቤት ያቆመ አገር ነው፤ ሩኅሩኅ አይደለንም አልልም። ልዩነቱ ሁለት ነገር ላይ ነው። የእኛ ደቦ ነገ ለሚመልስልን ጎረቤት ነው፤ ያቺ ጋቢ የለበሱ እናት ምን ይመልሳሉ? ደግሞ የእኛ ደግነት ሆዳችን ሲባባ የሚነሣ ነው። የታመመ ልጅ ቪዲዮ በቴሌግራም ሲመጣ እናለቅሳለን፣ በቴሌብር እንልካለን፣ አለቀ። የእነሱ ግን ቀን አለው። ያ ልጅ የዚያን ዕለት ጠዋት ሆዱ ባባ አልባባ አላውቅም። ምናልባት ተኝቶ ቢውል ደስ ይለው ነበር። ተራው ነው፣ መጣ።

ሪፖርታችን 14 ገጽ ወጣው። ፎቶ ነበረው። «የተገኙ ተሞክሮዎች» የሚል ሠንጠረዥ ነበረው። ለሦስት ዳይሬክቶሬት በግልባጭ ተላከ። አንድም ሰው አልደወለም፣ አንድም ነገር አልተለወጠም። በማግስቱ ዓመት ሌላ 20 ሰው ሄደ።

በ2013 ዓ.ም. አንድ የድሮ ፋይል ጠፋ። የ1989 ነው፣ የፍርድ ቤት ጉዳይ መጣበት፣ ሁሉም ይፈልገዋል። «እትዬ ነበሩ የሚያውቁት» ተባለ። እትዬ የመዝገብ ቤት ሠራተኛችን ነበሩ። ቁጥሩን ሳትነግሯቸው የባለጉዳዩን መልክ አይተው ፋይሉን የሚያወጡ ዓይነት ሰው። ጡረታ ሲወጡ ኬክ ቆርሰን፣ የግድግዳ ሰዓት ሰጥተን ሸኝተናቸዋል። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ሄዶ ያያቸው የለም።

ከዚያች ምድጃውን በጣቷ ከፈተሸች ባልደረባዬ ጋር ቤታቸው ሄድን። ለጥየቃ እንዳይመስላችሁ፤ ለፋይሉ ነው የሄድነው። የቀበሌ ቤት ነው፣ አንድ ክፍል። የሰጠናቸው ሰዓት ግድግዳው ላይ አለ፤ ባትሪው አልቆ ቆሟል። በር ላይ ሁለት ባዶ ጀሪካን። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ቧንቧው ግቢው ጫፍ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ወገባቸውን ታመዋል። ሲመጣ የጎረቤት ልጅ ካለ ይቀዳላቸዋል፣ ከሌለ ያልፋቸዋል። ፋይሉ የት እንዳለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገሩን። ከዚያ «ቡና ላፍላ?» አሉ፣ ከዚያም ውኃ እንደሌለ ትዝ አላቸውና ዝም አሉ።

ስንወጣ ባልደረባዬ «ተራ እናውጣ» አለች። አውራ አምባን አላነሣችም። እኔም አላነሣሁም።

አራት ዓመት ሆነን። ስድስት ነን። በየቅዳሜው አንድ ሰው ይሄዳል። ውኃ ይቀዳል፣ ልብስ ያጥባል፣ መድኃኒት ያመጣል። ኦርቶዶክስ አለን፣ ሙስሊም አለን፣ ጴንጤ አለን። እትዬ በወር አንዴ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ይወዳሉ። ብዙውን ጊዜ ክንዳቸውን ይዞ የሚያደርሳቸው ሙስሊሙ ባልደረባችን ነው፤ መኪና ያለው እሱ ስለሆነ። በሩ ላይ ያደርሳቸውና ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። «ዛሬ ለእኔም ተሳለሙልኝ» ይላቸዋል፣ ይሳሳቃሉ።

ሁልጊዜ አምሮልናል ማለት አይደለም። አንድ ቅዳሜ ተራዬን ረሳሁ። ሠርግ ነበረብኝ። ማታ ደወልኩላቸው። አልተቆጡም። «ውኃው አለኝ፤ ብቻ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሩን ከፍቼ ቆየሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ አልረሳሁም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ቀላል ነው። የዘንድሮውን የልምድ ልውውጥ ደብዳቤ ከመፈረማችሁ በፊት ከሰው ሀብት ክፍል የጡረተኞቻችሁን ዝርዝር አስወጡ። ዐሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ብቻቸውን የሚኖሩት እነማን ናቸው? ደውሉ። የሞተ ይኖራል፣ ስልኩ የማይሠራ ይኖራል፣ «ማን ልበል?» ብሎ ድምፃችሁን የማያምን ይኖራል። ከተገኘው አንዱን ያዙ። ስድስት ሰው፣ አንድ ቅዳሜ በየተራ። ያን አንድ ዓመት ከያዛችሁ በኋላ አውራ አምባ ብትሄዱ የምትጠይቁት ጥያቄ ይኖራችኋል። እኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ የጠየቅነው ጥያቄ ሁሉ ስለ ጋብቻና ስለ ጽድቅ ነበር። ዛሬ ብሄድ ያንን ልጅ አንድ ነገር ነው የምጠይቀው፤ ተራውን የረሳ ሰው ምን ትሉታላችሁ?

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገዱ እንደ ልብ የሚኬድበት አይደለም። ሰላም ሲሆንና ስትሄዱ ግን እዚያው እደሩ፤ ማረፊያ አላቸው። ጋቢ ግዙ፣ ዋጋም አትከራከሩ። አበል ላይ ናችሁ።

አንድ የመጨረሻ ጉዳይ አለኝ። ሰኔ 28 ቅዳሜ የእትዬ ተራ ባዶ ሆኗል። ተራው የነበረው ባልደረባችን መሥሪያ ቤቱ ለልምድ ልውውጥ ሐዋሳ ልኮታል። እኔ ደግሞ የበጀት መዝጊያ ሥራ ላይ እገባለሁ። ከእናንተ መካከል ሰው የሚልክ ካለ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ይድረስ፤ ውኃው ከዚያ በኋላ ይሄዳል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት አለ፣ የአንዱ ክዳን ጠፍቷል፣ ክዳን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው። አበል የለውም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ከ22ቱ አንዷ